«ቲቸር ጨርሻለሁ እኮ»፦ ተማሪዎች የጻፉትን መልሰው እንዲያዩ እንዴት እናድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የ9ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። ድርሰት አስጽፌ፣ አርሜ፣ ማርክ ሰጥቼ ስመልስላቸው ‹አሻሽላችሁ አምጡ› እላለሁ። የሚያመጡልኝ ግን በቀይ ያሰመርኩበትን ፊደል አስተካክለው ሌላውን እንዳለ ንጹህ ወረቀት ላይ ገልብጠው ነው። አንዳንዶቹማ ‹ቲቸር ጨርሻለሁ እኮ› ብለው ይከራከሩኛል። መከለስ ጥቅም እንዳለው እንዴት ላሳምናቸው? የፊደል ግድፈቱንስ ዝም ብዬ ልለፈው?»

እህቴ፣ በዕድሜም በሥራም ሳልቀድምሽ አልቀርምና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ሥራዬ ድርሰት ማስተማርና የቋንቋ መምህራንን ማሰልጠን ነው፣ ያንቺን ጥያቄ ከአማርኛም ከእንግሊዝኛም መምህራን ሁሌ እሰማዋለሁ፣ ብዙዎቹ ግን ወሬውን «የዘንድሮ ልጆች ሰነፍ ናቸው» ብለው ነው የሚዘጉት። አንቺ እሱን አላልሽም፣ ስለዚህ ገና ሳንጀምር ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

ልጆቹ እኮ ያዘዝሻቸውን ነው ያደረጉት። በአፍሽ «አሻሽሉ» ብለሻቸዋል፣ ወረቀቱ ግን «ቀይ ያለበትን አስተካክሉ» ነው የሚላቸው። 11 ቦታ ቀይ አለ፣ 11 ቦታ ተስተካከለ፣ አለቀ። ልጁ «ጨርሻለሁ» ሲልሽ ውሸቱን አይደለም፣ በሱ ቤት በእውነት ጨርሷል። እንደውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መገልበጡ ለሱ ትልቅ ልፋት ነው፣ ምክንያቱም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ «ንጹህ አድርገህ ጻፍ» እየተባለ ነው ያደገው፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ ተቆጥተነው እናውቃለን እንጂ አመስግነነው አናውቅም። ስርዝ ድልዝን ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ነውር አስተምረን 9ኛ ክፍል ላይ ድንገት «ሰርዙ፣ ቀይሩ፣ አፍርሱ» ስንላቸው ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም።

ደሞ የኛ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ናንሲ ሶመርስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው ጥናት ዩኒቨርሲቲ የገቡ ጀማሪ ተማሪዎችንና ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ እንዴት እንደሚከልሱ አይታ ነበር። ተማሪዎቹ ያዩት የነበረው ቃል ነው፣ ይሄን ቃል አውጥተው ያኛውን ያስገባሉ፣ የተደጋገመውን ይሰርዛሉ፣ በቃ ተከለሰ። ልምድ ያላቸው ግን መጀመሪያ የሚፈልጉት «ለማለት የፈለግኩት ነገር ምንድነው? ያነበበኝ ሰው ምን ብሎ ይሞግተኛል?» የሚለውን ነው፣ ስለዚህ ሙሉ አንቀጽ ይጥላሉ፣ ይጨምራሉ፣ የመጨረሻውን ወደ ፊት ያመጣሉ። እነዛ የአሜሪካ ልጆች መጽሐፍም ላይብረሪም ሳይቸግራቸው ያንቺ ልጆች የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ነገሩ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይገለብጡልሽም ነበር፣ መከለስ ማለት ይሄ ነው ብለው የተማሩት ስዕል ነው የተሳሳተው።

አሁን «እንዴት ላሳምናቸው» ወዳልሽው ልምጣ። አታሳምኛቸውም። ቀልዴን አይደለም፣ የክለሳ ጥቅም በሌክቸር የሚገባ ነገር አይደለም፣ «ታላላቅ ደራሲዎች እኮ ደጋግመው ነው የሚጽፉት» ብትያቸው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ያው ይገለብጡልሻል። ጥቅሙ የሚገባው አንድ ልጅ የራሱን ጽሑፍ መልሶ ሲያይ፣ እጁ ላይ ያለው ነገር መጀመሪያ ካሰበው የተለየ ሆኖ ሲያገኘው ነው። «እንዴ፣ እኔ ለካ ማለት የፈለግኩት ይሄን ነው!» የሚላትን ቅጽበት አንዴ ካገኛት ሁለተኛ ጊዜ ለመለመን ብዙ አትቸገሪም። ስለዚህ ያንቺ ሥራ ማሳመን ሳይሆን ያቺን ቅጽበት ማመቻቸት ነው፣ እሷን ለማመቻቸት ደሞ ሙሉ ድርሰት አያስፈልግም፣ አንድ አንቀጽ ይበቃል፣ እንደውም አንድ አንቀጽ ነው የሚሻለው።

መከለስ አያውቁም እንዳትይ ደሞ። ያ «ጨርሻለሁ» የሚልሽ ልጅ ለሚወዳት ልጅ በቴሌግራም ሁለት መስመር ለመላክ ስንቴ እንደሚጽፍና እንደሚያጠፋ ብታዪው ትስቂያለሽ። «ሰላም ነው» ይላል፣ ያጠፋዋል፣ «ሰላም ነሽ?» ይላል፣ ጥያቄ ምልክቱ በዛ ብሎ ያወጣዋል፣ ጓደኛውን ያማክራል። ማንም አላስገደደውም፣ ማርክም የለውም። አንባቢ አለው፣ አንባቢዋ ምን እንደምትል ያስጨንቀዋል፣ መልእክቱም ገና አልሄደም። ያንቺ ክፍል ውስጥ እነዚህ ነገሮች የሉም፣ አንባቢው መምህርት ናት፣ መምህርት ደሞ የምታነበው ስህተት ለመፈለግ ነው፣ ወረቀቱ አንቺ ጋ ከደረሰ በኋላ ደሞ «ተልኳል»፣ ማርኩ ተጽፏል።

እስቲ ቀረብ አድርገን እንየው። 9ኛ ክፍል ላይ «የትራንስፖርት ችግር» ብለሽ ብታስጽፊ በብዛት የሚመጣልሽ እንደዚህ ያለ ነው፦

«ትራንስፖርት ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። ትራንስፖርት ብዙ ጥቅሞች አሉት። ነገር ግን በአሁኑ ሰአት በከተማችን ከፍተኛ የሆነ የትራንስፖርት ችግር ይታያል። የዚህም ምክንያት የታክሲ እጥረት ነው። በዚህም የተነሳ ሰራተኞችና ተማሪዎች ያረፍዳሉ። እኔም አንድ ቀን ከመገናኛ 4 ኪሎ ታክሲ አጥቼ ፈተና አምልጦኛል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።»

እንደ ልማዳችን ብናርመው «ሰአት» የሚለውን «ሰዓት» እናደርጋለን፣ «እጅግ በጣም» ላይ እናሰምራለን፣ ግርጌው ላይ «ጥሩ ሙከራ ነው፣ አስፋፊው/አስፋፋው» ብለን 6 ከ10 እንሰጣለን። ልጁ ምን ያድርግ? «ሰዓት» ያስተካክላል፣ «አስፋፋው» ስለተባለ «ትራንስፖርት የየብስ፣ የአየርና የውሃ ተብሎ ይከፈላል» የሚል ከማኅበራዊ ሳይንስ ደብተሩ ይጨምርበታል፣ በንጹህ ይገለብጣል። ያሻሻለው ነገር የለም፣ ግን ደግሞ ያላልነውን አላደረገም።

አሁን ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጪና እንደ ሰው አንብቢው። ከሰባቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው አንዱን ብቻ ነው፣ ስድስተኛውን። ሌላው ከመማሪያ መጽሐፍም ከሬዲዮም የሚመጣ ነው። ስለዚህ ማርክ ሳትሰጪ፣ ፊደል ሳታርሚ፣ እሷ ጎን አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊ፦ «ያን ቀን መገናኛ ላይ ታክሲ ጭራሽ አልነበረም፣ ወይስ ነበረ ግን አልጫነህም?» በቃ። ልጁ ይሄን ሲያነብ መመለስ አለበት፣ ለመመለስ ደሞ ማስታወስ አለበት፣ ሲያስታውስ እንደዚህ ያለ ነገር ይመጣል፦

«ጠዋት 12 ሰአት ተኩል መገናኛ ደረስኩ። ታክሲ ሞልቷል፣ 4 ኪሎ የሚል ግን የለም። አንዱ ወያላ ‹እንግሊዝ ኤምባሲ! እንግሊዝ ኤምባሲ!› እያለ ይጠራል። እዛ ድረስ ከፍዬ ሄጄ ወረድኩ። ሁላችንም ስንወርድ ያው ታክሲ ‹4 ኪሎ!› ብሎ መጥራት ጀመረ። ድጋሚ እንዳልገባ የቀረኝ ሳንቲም አይበቃም። በእግሬ ስደርስ ፈተናው ተጀምሮ በሩ ተዘግቷል። ታክሲ አልጠፋም ነበር፣ መንገዱን ለሁለት ቆርጠው ሁለቴ ስለሚያስከፍሉ ነው።»

የሆነውን አስተዋልሽ? የመጀመሪያው ላይ «ምክንያቱ የታክሲ እጥረት ነው» ብሎ ነበር፣ ሁሉም ሰው ስለሚለው። ያየውን ሲጽፍ ግን የራሱ ታሪክ የራሱን ሐሳብ አፈረሰበት፣ ታክሲ ነበረ፣ ችግሩ መቆራረጡ ነው። ይሄን ሐሳብ አንቺ አልሰጠሽውም፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሌላም ሥራ አለው፣ ዋናው ሐሳብ አሁን መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው፣ መጽሐፉ ኃይለ ቃል የሚለው እሱ ነው፣ ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄሽ «የመጨረሻዋን ወደ ላይ ብታመጣት ምን ይሆናል?» ሊሆን ይችላል፣ ሞክሮ ካላማረው ይተዋታል። «የሚመለከተው አካል» የሚለውም ሊመለስ ከፈለገ አሁን ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ተራ አስከባሪ አለ፣ ትራፊክ አለ። ደሞ አንድ ትንሽ ነገር፣ «እጅግ በጣም» የምትለዋ ማንም ሳያርማት ጠፍታለች፣ የነበረችበት ዓረፍተ ነገር ራሱ ስለተጣለ። ሊጣል የሚገባው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጎንብሰን ፊደል ስናርም የምናመሸው ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ምሳሌ ከያዝሽው የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ግን ጥቂት ነገር ልጨቅጭቅሽ።

ማርኩን አዘግዪው። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ረቂቅ ላይ ማርክ ከጻፍሽ የቀረውን ኮመንት ማንም አያነበውም፣ ልጁ 6ቱን አይቶ የጎረቤቱን ያያል፣ ከዛ ወረቀቱን ያጥፈዋል። እስራኤላዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ይሄን በተማሪዎች ላይ ፈትሻው ነበር፣ አንዱ ቡድን አስተያየት ብቻ ተሰጠው፣ ሌላው ማርክ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። ውጤታቸውም ፍላጎታቸውም የተሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው፣ ሁለቱንም ያገኙት ግን ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተሻሉም። ሥራዎቹ ድርሰት ሳይሆኑ ማሰብ የሚጠይቁ አጫጭር ልምምዶች ናቸው፣ ግን ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሁሉ የሚያውቀውን ነው ያሳየው፣ ማርኩ አስተያየቱን ይበላዋል። ትምህርት ቤትሽ ማርክ የግድ ይላል፣ አውቃለሁ፣ ተከታታይ ምዘናው መሞላት አለበት፣ ግን የሚሞላው በመጨረሻው ቅጂ ይሁን።

ከዛ ኮመንትሽን አሳንሺው። «ግልጽ አይደለም»፣ «አስፋፊ»፣ «ሐሳብሽን አደራጂ» የሚሉትን ተያቸው። ቅድም ያነሳኋት ሶመርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ መምህራን አስተያየት ባሳተመችው ጥናት ያገኘችው አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ አብዛኛው ኮመንት ከአንዱ ተማሪ ወረቀት ተነስቶ ሌላው ላይ ቢለጠፍ ልዩነት የለውም፣ እንደ ማኅተም ነው። መለኪያው ቀላል ነው፣ የጻፍሽውን ኮመንት የሌላ ልጅ ወረቀት ላይ ብትወስጂው ይሠራል? ከሠራ ሰርዢው። «ወይስ ነበረ ግን አልጫነህም?» የሚለው ጥያቄ ከዛ ልጅ ወረቀት ውጪ የትም አይሠራም።

«58 ልጅ ነው ያለኝ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ላስብ?» ትይኝ ይሆናል። ሂሳቡን እንየው። አሁን አንድ ወረቀት 5 ደቂቃ ቢፈጅብሽ 58ቱ 290 ደቂቃ ነው፣ ወደ 5 ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ያን ሁሉ ለፍተሽ የሚመጣልሽ ግልባጭ ነው። አንቀጽ አንብቦ አንድ ጥያቄ መጻፍ ደቂቃ ተኩል ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሱም በዛ ካልሽ በሳምንት 15 ደብተር ብቻ ሰብስቢ፣ በአንድ ወር ሁሉም ይዳረሳል፣ በመሃል ያለውን ጥያቄ እርስ በርስ ይጠያየቁ።

እርስ በርስ ስል ደሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም «ግሩፕ ሥሩና ኮመንት ተሰጣጡ» ካልሽ ወይ «አሪፍ ነው» ብለው ወደ ወሬያቸው ይሄዳሉ ወይ ጎበዙ ልጅ የደካማውን ፊደል እያረመ ያሸማቅቀዋል። አንድ ለአምስት ሲባል ያየነው ነው። እኔ የማደርገው እንደዚህ ነው፦ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ናቸው አይደል፣ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ደብተሩን አያዩም፣ ይሰማሉ ብቻ። ደብተሩን ካላዩ ፊደል ማረም አይችሉም፣ ዋናው ዘዴ እሱ ነው። ሲጨርስ አንዱ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይነግረዋል፣ «ያልከው ይሄን ነው»፣ ሌላው ደሞ ማወቅ የፈለገውን አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት ክልክል ነው። ጸሐፊው አይከራከርም፣ ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። የሚገርምሽ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳይመጣ በፊት ጮክ ብሎ ሲያነብ ራሱ ይቆማል፣ «እንዴ ይሄ ተደግሟል» ይላል፣ ዓይን የሚዘለውን ጆሮ ይይዘዋል። አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ካሉሽ ደሞ ውይይቱን በሚቀላቸው ቋንቋ ያድርጉት፣ በኦሮምኛም በትግርኛም ይሁን፣ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በአማርኛ ይጽፉታል።

ወረቀቱን አስቀድመሽ አመቻቺው። ደብተሩ ላይ በቀኝ ገጽ ብቻ፣ አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፉ፣ የግራው ገጽ ባዶ ይሁን። ጥያቄውም፣ አዲሱ ዓረፍተ ነገርም፣ ቀስቱም የሚገባው እዛ ነው። ቦታ ከሌለው አይቀይርም፣ መስመር ለመስመር ተጠጋግቶ የተጻፈ ገጽ ላይ ምን ይጨምራል? ወረቀት ያልቃል የሚል ወላጅ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ሙሉ ድርሰት ሦስቴ ከመገልበጥ አንድ አንቀጽ በሁለት ገጽ መሥራት የሚፈጀው ወረቀት ያንሳል። መሰረዝም በአንድ መስመር ብቻ ይሁን፣ ከስር ያለው መነበብ አለበት፣ ላጲስና ማጥፊያ ቀለም አታስገቢባቸው። ምክንያቱም የተከለሰ ሁሉ የተሻለ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ሁለተኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ላይ የነበረችውን ጥሩ ነገር ይጥላታል፣ በተለይ ጎበዞቹ፣ ከባባድ ቃል ሲጨምሩ። ያኔ «የበፊቷ ትሻላለች፣ መልሳት» ማለት መቻል አለብሽ፣ መመለስም ክለሳ ነው።

አንቺ ራስሽ ደሞ ፊታቸው ጻፊ። ተዘጋጅተሽ የመጣሽውን ሳይሆን፣ ብላክቦርድ ላይ እዛው እያሰብሽ ስድስት ሰባት መስመር። ከዛ እነሱ ይጠይቁሽ፣ ከጥያቄያቸው ተነስተሽ ቀይሪ፣ በዳስተር ግን አታጥፊው፣ በጠመኔ መስመር ሰርዥውና ከላዩ ጻፊ፣ አሻራው እንዲታይ። ብዙ ተማሪ አንድ ትልቅ ሰው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሲተወው አይቶ አያውቅም እኮ። ያየው የታተመ መጽሐፍ ነው፣ የታተመ መጽሐፍ ደሞ ስርዙን ደብቆ ነው የሚመጣው።

ማርክ አሰጣጡ ላይ አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። «ለተሻሻለ ማርክ አለው» ካልሽ አንዳንድ ብልጥ አውቆ የተበላሸ የመጀመሪያ ረቂቅ ያመጣልሻል! አሳምሮ የሚጽፈውን አበላሽቶ፣ ከዛ «አሻሽሎ»። ሳቂ፣ ግን ይመጣል። መድኃኒቱ የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍል ውስጥ፣ ዓይንሽ እያየ እንዲጻፍ ማድረግና፣ ከመጨረሻው ቅጂ ስር «ምን ቀየርኩ? ለምን?» የሚል ሁለት ሦስት መስመር ማስጻፍ ነው። ከ10 ማርክ 3ቱን ለዛች ማስታወሻ ብትሰጪ አልበዛም። «ስድስተኛዋን አስፋሁ ምክንያቱም ሐና ታክሲ ነበረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ» ብሎ የጻፈ ልጅ ገብቶታል፣ «ይበልጥ ቆንጆ እንዲሆን» ያለው ገና አልገባውም፣ ሌላ ጥያቄ ጻፊለት። በስልኩ ከቻትጂፒቲ ቀድቶ የሚመጣውንም ያው ይሄ ነው የሚይዘው፣ ስርዝ የሌለበት ረቂቅና ምክንያት የሌለው ለውጥ ወዲያው ያስታውቃል፣ ፖሊስ መሆን አይጠበቅብሽም።

ጎበዞቹ ደሞ አንድ ቀን ሊጠይቁሽ ነው፣ «ቲቸር የ12ኛ ክፍል ፈተና እኮ ቾይዝ ነው፣ ድርሰት አይመጣም፣ ምን ይጠቅመናል?» እውነታቸውን ነው፣ አትካጂያቸው። አይመጣም። ግን የእንግሊዝኛው ፈተና ላይ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስቀምጡ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ የራሱን አንቀጽ እያገላበጠ የለመደ ልጅ እሱን ለመሥራት አይቸገርም። ከዛ ፍሬሽማን ሲገቡ «ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ላንጉጅ ስኪልስ» ይጠብቃቸዋል፣ መመረቂያ ላይ ደሞ አድቫይዘሩ ፕሮፖዛሉን ሦስቴ አራቴ ሲመልስባቸው ጠላኝ ብለው የሚያለቅሱት ረቂቅ መመለስ የተለመደ ነገር መሆኑን ማንም ስላልነገራቸው ነው። ይሄን ንገሪያቸው፣ ግን ብዙ አትመኪበት፣ የ15 ዓመት ልጅ የአምስት ዓመት በኋላን ነገር ሰምቶ ዛሬ አይሠራም።

ይልቅ ከቤታችን ያለውን ብትነግሪያቸው ይሻላል። የቅኔ ተማሪ እኮ ሌላ ሥራ የለውም። ዛፍ ስር ወይ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩ ይሰማና እዛው ያርመዋል፣ ሰምና ወርቁ ካልገጠመ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ እንደዚህ ነው። ማርክ የለም፣ ንጹህ ወረቀት የለም፣ ጮክ ብሎ ማሰማትና ተመልሶ መሥራት ነው። ክለሳ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው ለሚልሽ ባልደረባ ይሄን መልሺለት። (የየኔታ ቁጣ ግን አይምጣ፣ እሱን ባለበት እንተወው።)

ሁሉም ልጅ በመጀመሪያው ዙር ይለወጣል ብለሽ ደሞ አትጠብቂ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅታቸው አሉ፣ ለነሱ ክለሳው በአፍ ይጀምር፣ ያወሩትን ጓደኛቸው ይጻፍላቸውና እሱ ላይ ይጨምሩ። ሌሎቹ ሁለት ሦስት ዙር የሚገለብጡ አሉ፣ አትቆጪ፣ እንደ ቅጣት «እንደገና ጻፍ» የሚለውንም ነገር ከአፍሽ አውጪው፣ ሲያጠፉ «አምስት ገጽ ጻፍ» እየተባሉ የተቀጡ ልጆች ናቸው፣ እንደገና መጻፍ ሲባል የሚታያቸው እሱ ነው።

የፊደል ግድፈቱን በተመለከተ፣ ዝም በይ አላልኩሽም፣ ቀኑን አዘግዪው ነው ያልኩሽ። ሐሳቡ ካለቀ በኋላ፣ ከመጨረሻው ቅጂ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ አንድ 20 ደቂቃ ስጪው። ያኔም ሁሉንም አይደለም፣ ከሰበሰብሽው 15 ደብተር ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን ሁለት ዓይነት ብቻ ምረጪ፣ አንድ ሳምንት «ሰዓት»ና «ዓመት» ዐይኑን ዐ የሚፈልጉት ይሁኑ፣ ሌላ ሳምንት አራት ነጥብ ያጡ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች። ብላክቦርድ ላይ አሳዪ፣ ከዛ እያንዳንዱ የራሱን ያድን። አንቺ ቀድመሽ ካረምሽለት አንቺ ተማርሽ እንጂ እሱ አልተማረም።

አንድ የቀረ ነገር፣ የዲፓርትመንት ኃላፊሽ ወይም ሱፐርቫይዘር መጥቶ ደብተር ሲያገላብጥ ቀይ ካላየ «አልታረመም» ሊልሽ ነው፣ ወላጅም እንደዛው። ሳይመጣ በፊት ቀድመሽ ንገሪው። ሁለት ሦስት ልጆች የጻፉትን መጀመሪያና መጨረሻ ረቂቅ በስቴፕለር አያይዘሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ፣ ሲጠይቅሽ ራስሽ አታብራሪለት፣ አንዱን ልጅ ጥሪና «ይቺን ለምን ሰረዝካት?» ብለሽ እሱ ፊት ጠይቂው።